አሮጌ አድርግልኝ

ሐሙስ ጠዋት ዳሲቱ ጉተማ ወገቧን ይዛ ያንን የመኪና በር ስታየው የተሰማትን ደስታ ብታዩላት! በሩ ያበራል። ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆርቆሮ ዳስ ስር ተገትሮ የደበዘዘው አረንጓዴ ቀለም ተፍቆ ወጥቶ፣ በቦታው ፊት የሚያሳይ አዲስ አረንጓዴ ተቀብቷል። ጠጋ አለችና እንደ መስታወት እያየችበት ሻሿን አስተካከለች።

«ሀይሩ፣ እጅህ ይባረክ! ሙሽራ አስመሰልካት እኮ» አለች።

ሀይረዲን አፉ ላይ ያሰረውን ጨርቅ ወደ አገጩ ዝቅ አደረገ። ጎረቤቷ ነው። አቃቂ በሰቃ ውስጥ ከእሱ የተሻለ ቀለም ቀቢ የለም፤ ይህን የሚለው እሱ ብቻ ሳይሆን ሰፈሩም ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የተጋጨ ታክሲና የዛገ ፒክአፕ ሲመጣለት አዲስ አስመስሎ ሲመልስ ኖሯል።

«ገና ምኑ ተነካ?» አለ። «ይሄ አንድ በርና አንድ ፓራፋንጎ ነው። እስከ ነገ ማታ ሙሉውን አስውቤ አስረክብሻለሁ። ገማቹ ሲመጣ ዓይኑ ይፈዛል፣ ወላሂ!»

ገማቹ! ይኸው ሰውዬ ነው፣ ገና ሳይመጣ ዳሲቱን ቁጭ ብድግ የሚያሰኛት። ነገሩ እንዲህ ነው። አባቷ አቶ ጉተማ ከሞቱ አምስት ወር ሊሆናቸው ነው። የተውት ሁለት ልጅና ሁለት ንብረት ነው፦ ዳሲቱና ታናሽ ወንድሟ ሮሪሳ፣ ይህ ባለ ሦስት ክፍል የጭቃ ቤትና ያ መኪና። የእድሩ ሊቀመንበር አባባ አሻግሬ ሽማግሌ ሆነው ተቀመጡና፣ «ሁለቱም ይገመት» አሉ። «መኪናው የቤቱን ያህል ካወጣ፣ ቤቱ ለኖረችበት ለዳሲቱ፣ መኪናው ለሮሪሳ ይሁን። ካላወጣ ግን ሁለቱም ተሸጠው ብሩን እኩል ይካፈሉ።» የቤቱ ግምት አራት መቶ ሺህ ብር ሆኖ ከመጣ ሳምንት አልፎታል። የቀረው መኪናው ነው።

እንግዲህ መኪናው አራት መቶ ሺህ ካልሞላ ዳሲቱ ጎዳና ወደቀች ማለት ነው፤ ቢያንስ ለእሷ የሚታያት እንደዚያ ነው። አርባ ስምንት ዓመቷ ነው። የጨርቅ ፋብሪካው ከቀነሳት ወዲህ የደሞዝ ፊት አላየችም። አባቷን ግማሽ ጎናቸው ከከዳቸው በኋላ አሥራ አንድ ዓመት እያጎረሰች፣ እያገላበጠች ያስታመመቻቸው እዚሁ ቤት ውስጥ ነው። በዚህ ዕድሜዋ የግማሽ ቤት ብር ይዛ የሰው ቤት ልትከራይ? አከራዩ በየስድስት ወሩ «ጨምሪ ወይ ልቀቂ» በሚልበት ዘመን? ይህን ስታስብ ከተቀመጠችበት ትነሳለች፣ ተነስታ ደግሞ ወዴት እንደምትሄድ አታውቅም።

መኪናው ደግሞ እንዲሁ መኪና እንዳይመስላችሁ። ዶጅ ነው፣ የአሜሪካ፤ ባለ ሁለት በር፣ አፍንጫው ረጅም፣ ሞተሩ ስምንት ሲሊንደር። አቶ ጉተማ በወጣትነታቸው የአንድ አሜሪካዊ መሐንዲስ ሾፌር ነበሩ። አብዮቱ ሲፈነዳ ሰውዬው ሻንጣውን ብቻ ይዞ ሲወጣ መኪናውን ከነሊብሬው አዛወረላቸው። ደስ አላቸው፤ ደስታው ግን ወር አልቆየም። ቤንዚን በኩፖን በሚታደልበት ዘመን ስምንት ሲሊንደር ማን ያጠጣል? ዳስ ሠሩና አስገቡት። በዓመት አንዴ ቢሾፍቱ ደርሰው ይመለሱበታል። ከዚያ ውጭ እሑድ እሑድ ሞተሩን ያስነሳሉ፣ ጥቂት ያሠሩታል፣ ጎማው በአንድ በኩል እንዳይተኛ ትንሽ ገፋ ያደርጉትና አጥፍተው ይወጣሉ። እሳቸው ሲታመሙ ሥራው የሮሪሳ ሆነ። ሮሪሳ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ከመንገድ በተመለሰ ቁጥር ከገላን ኮንዶሚኒየም መጥቶ ያጥበዋል፣ ያስነሳዋል። ከአባቱ አርባ ወዲህ ግን አልመጣም፤ ለምን እንዳልመጣ እንደርስበታለን።

ሀይረዲን የብርጭቆ ወረቀቱን አጥፎ ወደ ኋላው ፓራፋንጎ፣ ከኋላ ጎማው በላይ ወዳለው ቆርቆሮ፣ ሲሄድ የዳሲቱ ስልክ ጮኸ። ሮሪሳ ነው። ከኋላው የመኪና ጥሩምባ ይሰማል።

«እቴቴ፣ አዋሽ ነኝ። ገማቹን አግኝቻቸዋለሁ። ጋሽ ወልደገብርኤል ይባላሉ። በጃንሆይ ጊዜ የአሜሪካ መኪና አስመጪ ቤት ውስጥ መለዋወጫ ክፍል የሠሩ ናቸው። ቅዳሜ ጠዋት ይዣቸው እመጣለሁ።»

«ይምጡ» አለች ዳሲቱ ቆፍጠን ብላ። «እኛም እየተዘጋጀን ነው።»

«ምን ዝግጅት አለው? ስሚ፣ እንዳትነኩት ብለዋል። እንዳታጥቡት እንኳ። ከነአቧራው ይቆየኝ ነው ያሉት።»

«ከነአቧራው?»

«አዎ! ሰብሳቢዎች አሉ አሉ፣ አሮጌ መኪና የሚያጠራቅሙ ሀብታሞች። ከፋብሪካ በወጣበት ቀለም፣ ብዙ ሳይነዳ የቆየ ሲያገኙ ያበዳሉ። እዚህ አንድ በር እንኳ ከተቀባ ግን አለቀለት፤ ሲሶውን ዋጋ ቢያወጣ ነው አሉኝ። ሄሎ? ትሰሚኛለሽ?»

ስልኩ ተቋረጠ። ዳሲቱ ስልኩን ከጆሮዋ ሳታነሳ ያንን የሚያበራ በር አየችው።

«ሀይሩ! አቁም! እጅህን አንሳ!»

ሀይረዲን እባብ የነካ ይመስል ወደ ኋላ ዘለለ። ደግነቱ የኋላውን ገና አልነካውም ነበር። ዳሲቱ ቀረብ አለችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አሮጌ አድርግልኝ» አለችው።

«ምን?»

«በሩን። ይሄን ፓራፋንጎም። አሮጌ አድርግልኝ። እንደነበረ።»

ሀይረዲን ወደ ሰማይ አየ፣ ወደ እሷ አየ። «ዳሲቱ፣ ጤና ነሽ? ሃያ ስድስት ዓመት በዚህ ሥራ ስኖር አዲስ አድርግልኝ እንጂ አሮጌ አድርግልኝ ያለኝ ሰው የለም። አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ።»

ሮሪሳ ያላትን ነገረችው። ሀይረዲን ግንባሩን በእጁ ጀርባ ጠረገና ዳሱ ደፍ ላይ ቁጢጥ አለ። መኪናን የሚሸጠው ቀለሙ ነው፣ ቀለም የማያይ ገዢ የለም ብሎ የመከራት እሱ ነበር፤ ሳንቲም ሳይቀበል «ለጉተማ ነፍስ ይሁን» ብሎ የጀመረው ሥራ ነው። አሁን ፊቱ አመድ መሰለ።

«የድሮው ቀለም እኮ የለም» አለ። «በብርጭቆ ወረቀት ፍቄዋለሁ። አዲሱን ባነሳው የማገኘው ቆርቆሮውን ነው። ይልቅ ለወንድምሽ ንገሪው። ተሳስተን ነው በይው። እኔም አብሬሽ እቆማለሁ፣ ጥፋቱ የኔ ነው እላለሁ።»

«ለሮሪሳ?» አለች። «ለሮሪሳ ነው የምነግረው?»

እዚህ ላይ የዳሲቱን ሆድ ማወቅ ያስፈልጋል። ሮሪሳን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። እናታቸው ስትሞት እሱ ሦስት ዓመቱ ነበር። ታዲያ ይኸው ልጅ በአባታቸው አርባ ዕለት፣ ሰው ሁሉ በተቀመጠበት፣ «መኪናውም ቤቱም በባለሙያ ይገመት» ብሎ ተነሳ። ማንም ሳይጠይቀው! ዳሲቱ ጆሮዋን ማመን አቃታት። ቤቱን ዓይቶበታል፣ ሚስቱ ገፋፍታዋለች፣ ሦስት ልጅ ይዞ አንድ ክፍል መከራየት ሰልችቶታል አለች በልቧ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እህትና ወንድሙ ሆድና ጀርባ ሆኑ። እሱ በደወለ ቁጥር መልሷ አዎና አይደለም ነው። እሱም ኩርፊያዋን አይቶ እግሩን ሰበሰበ።

«ብነግረው ምን እንደሚል ላስታውቅህ?» አለች ሀይረዲንን። «እንግዲያው ይሸጥ ነው የሚለው። ደስ ነው የሚለው! አንተ ብቻ አሮጌ አድርግልኝ።»

ሀይረዲን የብርጭቆ ወረቀቱን ከመሬት አነሳ። በመጨረሻ፣ «ስሜ እንዳይነሳ» ብሎ ተነሳ።

እንዲህ ያለ ሥራ አቃቂ አይታ አታውቅም። ሀይረዲን መጀመሪያ በቀጭን የብርጭቆ ወረቀት ውሃ እየነከረ ያንን የለፋበትን አብረቅራቂ ቀለም አደበዘዘው። አንዷን ጥግ ፍቆ በጨረሰ ቁጥር «አይ የሰው ነገር!» ይላል። ከዚያ አመድ በነጭ ጋዝ ለውሶ በጨርቅ አሸው። ራቅ ብሎ አየው፤ አልሆነም፣ ግራጫ በዛው። አጥቦ እንደገና ጀመረ። የግራው በር፣ ያልተነካው፣ ፀሐይ በዳሱ ቀዳዳ እየገባች ያጠወለገችው ለስላሳ መልክ አለው፤ ያንን መልክ በእጅ ማምጣት የሚቻል አይደለም። አርብ ጠዋት ለሦስተኛ ጊዜ አጥቦ ጀመረ።

ዳሲቱስ? ዳሲቱማ መቀመጥ የሚባለውን ነገር ረስታዋለች። ወጥ ጥዳ ትመጣለች፣ ወጡ አርሮ ይሸታታል፣ ሮጣ ሄዳ ታወርዳለች፣ መልሳ ትመጣለች። በግራ በኩል ቆማ ታያለች፣ በቀኝ በኩል ቆማ ታያለች። «ትንሽ አልጠቆረም?» ትላለች። «አሁን ደግሞ ነጣ» ትላለች። ሀይረዲን «ወይ እኔ ልሥራ ወይ አንቺ ሥሪው!» ብሎ እስኪጮኽባት ድረስ። የግቢው በር በተንኳኳ ቁጥር ልቧ ስንጥቅ ይላል። የጎረቤት ሴት ወንፊት ልትዋስ ብትመጣ በሩን በሁለት ጣት ስፋት ከፍታ «የለኝም» ብላ ዘጋችባት። ወንፊቱ እኮ እጇ ላይ ነበር።

ወንፊቱን የያዘችው ለምን መሰላችሁ? ለአቧራው! ሀይረዲን ሲያጥብ አቧራው ሁሉ ተጠራርጎ ሄዷል። ዳሲቱ ወንበር ላይ ወጥታ ከዳሱ ማገር ላይ የሠላሳ ዓመት አቧራ በመጥረጊያ አወረደች፤ አቧራውም ኦሪጅናል ይሁን ብላ ነው። ከዚያ እንደ ዱቄት በወንፊት እየነፋች በኮፈኑ፣ በጣሪያው፣ በበሩ ላይ በስሱ በተነችው። አርብ ከሰዓት ሲጨርሱ ሀይረዲን አሥር እርምጃ ራቅ ብሎ ቆመና አንገቱን ነቀነቀ።

«አላህ ይቅር ይበለኝ፤ ያባቴ ልጅ ነኝ» አለ። ሳያስበው ኮርቶ ነበር። ወዲያው ግን ዓይኑን ከእሷ አሸሸ። «ዳሲቱ፣ ወንድምሽ ይህን ኦሪጅናል ብሎ ወስዶ ሲሸጠው ምን ይሆናል?»

«ይከራከራል» አለች። «ወንድ ነው፣ መሪ ይዟል፣ ሠርቶ ይኖራል። እኔ ምን ይዣለሁ?»

ይህን አለች እንጂ ማታ እራቷ አልወርድ አላት። ገላን ያለችው የሮሪሳ አንድ ክፍል በዓይኗ መጣች፤ ትልቋ ልጁ ሶሊያና በምግብ ጠረጴዛው ስር ተኝታ የምታጠናባት ክፍል። አፈረች። በአፍረቷም ላይ ተናደደች፣ ድስቱንም ሳታጥብ ተኛች።

ቅዳሜ በሦስት ሰዓት ሦስት ሰው መጣ። አባባ አሻግሬ ከዘራቸውን ይዘው ፊት ገቡ። ቀጥለው ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ኮታቸው ላይ እስክሪብቶ የደረደሩ ሰው፤ እሳቸው ጋሽ ወልደገብርኤል ናቸው። ሮሪሳ የመኪና ባትሪ በትከሻው ተሸክሞ ከኋላ ነው። ባትሪውን አስቀመጠና እህቱን ሳማት። ከዚያ ወደ ዳሱ ዞር ብሎ ጥቂት ቆመ።

«ጠፋሁብሽ አይደል?» አላት።

«መንገድ ነው» አለች ዳሲቱ፤ ዓይኑን አላየችውም።

ጋሽ ወልደገብርኤል ሰላምታም አላበዙ። ኮታቸውን አውልቀው ለሮሪሳ ሰጡትና መኪናውን ሳይነኩ ሁለት ጊዜ ዞሩት። ካርቶን አንጥፈው ስሩ ገቡ፣ በዚያ ዕድሜ! በእጅ ባትሪ እያበሩ የሞተሩን ቁጥር አነበቡ፣ ወጥተው በመስታወቱ ውስጥ የሻንሲውን አነበቡ፣ ከሊብሬው ጋር አመሳከሩ። «ሞተሩ የራሱ ነው» አሉ። አባባ አሻግሬ «እሰይ» አሉ፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን አልገባቸውም።

ከዚያ የግራውን በር ከፍተው ስንት እንደተነዳ የሚያሳየውን ቁጥር አዩ። «ዘጠኝ ሺህ አራት መቶ ማይል። ይሄ መቶ ሺህ ሲሞላ ከዜሮ ነው የሚጀምረው። ዘጠኝ ሺህ ነው ወይስ መቶ ዘጠኝ ሺህ?»

«ዘጠኝ ነው ጋሼ» አለ ሮሪሳ።

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው። ቆይ» አሉና ጎንበስ ብለው የፍሬኑን ፔዳል ጎማ በአውራ ጣታቸው ዳበሱት። መስመሮቹ አልተበሉም። በሩን ከፍ ዝቅ አደረጉት፤ ማጠፊያው አይንቀጠቀጥም። የሾፌሩን ወንበር ተጫኑት፤ ሞላው አልረገበም። ፊታቸው ቀስ እያለ እንደ ልጅ ፊት ሆነ። «ዘጠኝ ነው» አሉ። «የእግዚአብሔር ያለህ! እንዲህ ያለ ካየሁ አርባ ዓመት ሆነኝ። አባታችሁ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?»

ዳሲቱ የዳሱን ምሰሶ ይዛ ቆማለች። ወደ ቀኝ አይዙሩ፣ ወደ ቀኝ አይዙሩ እያለች በልቧ ትለምናለች፤ ሽማግሌው ግን ወደ ቀኝ ዞሩ።

በበሩ ፊት ቆሙ። የእጅ ባትሪያቸውን በጎን አብርተው ብርሃኑን በቀለሙ ላይ ሰደዱት። በጣታቸው ጫፍ ዳበሱት። ዝቅ ብለው አሸተቱ። በመጨረሻ በሩን ከፈቱና በዙሪያው ያለውን ጥቁር ጎሚኒ አንድ በአንድ ያዩ ጀመር። አንድ ቦታ ላይ እጃቸው ቆመ። ጎሚኒው ላይ የጤፍ ፍሬ የምታክል አረንጓዴ ነጥብ አለች።

«ይሄ በር ቀለም ነክቶት ያውቃል?» ሲሉ ጠየቁ።

ዳሲቱ አፏን ከፈተች። አዎ ልትል ይሁን አይደለም ልትል፣ እስከ ዛሬ ራሷም አታውቀውም።

«አያውቅም» አለ ሮሪሳ።

ሽማግሌው ዞረው አዩት። «ይቺ ነጥብስ?»

«እሷማ የኔ ጥፋት ናት» አለና ሳቀ። «ልጅ ሆኜ እዚህ ዳስ ውስጥ ብስክሌቴን ስቀባ የነካሁት ነው። አባዬ ጉድ ሠርቶኛል፤ ያን ቀን የቀመስኩት ኩርኩም እስካሁን ይታወሰኛል። ይህን በር እንደ እጄ መዳፍ ነው የማውቀው ጋሼ። በየሳምንቱ ያጠብኩት እኔ ነኝ። ኦሪጅናል ነው። እኔ ምስክር ነኝ።»

ዳሲቱ ወንድሟን ቀና ብላ አየችው። ሮሪሳ ብስክሌት ኖሮት አያውቅም። አባታቸውም አንድ ቀን እጃቸውን አንስተውበት አያውቁም። እሷ ያሳደገችው ልጅ ነው፤ ለእሷ ማን ይነግራታል?

ጋሽ ወልደገብርኤል አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አዩ። «መኪናው የሚደርሰው ላንተ አይደል?» አሉት።

«አዎ፣ ለእኔ ነው።»

«እያወቅህ ነው የምትናገረው?»

«እያወቅሁ ነው።»

ሽማግሌው ትከሻቸውን ሰበቁና ኮፈኑ ላይ ወረቀት ዘርግተው ጻፉ። አባባ አሻግሬ መነጽራቸውን አድርገው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት። የመኪናው ግምት አራት መቶ ሃያ ሺህ ብር። ከስሩ ደግሞ፣ «የቀኝ በርና የፊት ፓራፋንጎ ቀለም የፋብሪካ መሆኑ በወራሹ በአቶ ሮሪሳ ጉተማ ምስክርነት ተረጋግጧል» ይላል። ሮሪሳ ፈረመ። ከዚያ እስክሪብቶው ለዳሲቱ ተሰጠ። ስሟን ከስሙ በታች ጻፈች፤ የገዛ ፊርማዋ የሌላ ሰው መሰላት።

አባባ አሻግሬ ሁለቱንም በየተራ መረቁ። «ይሄውላችሁ፣ በፍርድ ቤት ስንት ዓመት የሚፈጀውን በአንድ ጠዋት ጨረሳችሁ። ለዚህ ሰፈር ምሳሌ ናችሁ። አባታችሁ ደስ ብሎት ይተኛ!» ጋሽ ወልደገብርኤል ኮታቸውን ሲቀበሉ ወደ ሮሪሳ ጠጋ አሉ። በሹክሹክታ ነው የተናገሩት፤ ዳሲቱ ግን ሰማች።

«ልጄ፣ ገዢ ሲመጣ የብስክሌቱን ታሪክ አይገዛህም። መቶ ሠላሳ፣ ቢበዛ መቶ አርባ ሺህ ነው የሚሰጥህ። ይህን ዕወቅ።»

«አውቃለሁ ጋሼ። እግዜር ይስጥልኝ።»

ሽማግሌዎቹ ወጡና መንገዱ ላይ ቆመው ወሬ ያዙ። ሮሪሳ ባትሪውን ገጠመ፣ ከጀሪካን ቤንዚን ጨመረ፣ ቁልፉን ዞር አደረገ። ስምንቱ ሲሊንደር አንዴ አጉረመረመና ተነሳ። ዳሲቱ ከምሰሶው ተላቀቀች፤ በመኪናው ፊት ሄደች፣ ተመለሰች፣ እጇን የምታሳርፍበት አጣች።

«መቼ አወቅህ?» አለችው።

«ባትሪውን ሳስቀምጥ። ቀለም ከነጭ ጋዝ ጋር ይሸታል። ደግሞ እቴቴ፣ አቧራ ቀጥ ብሎ በቆመ በር ላይ እንደ ጣሪያው እኩል አይቀመጥም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ? ለምን አልተናገርክም?»

«ምን ብዬ? በአባባ አሻግሬ ፊት እህቴ አታላይ ናት ብዬ?»

«ተሳስቼ ነበር ሮሪሳ! ስትደውል ሀይሩ ቀብቶ ጨርሶት ነበር። ዋጋ ይጨምራል ብዬ ነው። ቤቱ ይሸጣል ብዬ ፈራሁ። አርባው ላይ ይገመት ብለህ የተነሳኸው አንተው ነህ! እኔ ምን ላስብ?»

ሮሪሳ ሞተሩን ሳያጠፋ ወረደና በሩን ዘጋ። ተናዶ ቢሆን ይሻላት ነበር፤ ያየችው ግን የደከመ ሰው ፊት ነው።

«የተነሳሁት ላንቺ ነበር» አለ። «አዳማ ላይ አንድ ሾፌር እንዲህ ያለ መኪና ቤት እንደሚገዛ ነገረኝ። ቤቱን ዝም ብዬ ብተውልሽ ነገ ሚስቴም፣ ዘመዶቿም፣ ልጆቼም ሲያድጉ ቤታችንን ወሰደች ይሉሻል። በሽማግሌ ፊት፣ በባለሙያ ከተገመተ ግን ማንም አፉን አይከፍትብሽም ብዬ ነው። እኔም መኪናውን ሸጬ አንዲት ኮንዶሚኒየም አገኛለሁ ብዬ ነበር። ቤቱን ልሰጥሽ ነው የመጣሁት እቴቴ። አንቺ ሰርቀሽ ወሰድሽው።»

የዳሲቱ ዓይን በእንባ ተሞላ። «እመልሰዋለሁ! አሁኑኑ እመልሰዋለሁ! ይቀደድ ያ ወረቀት!» ብላ ወደ ግቢው በር ሮጠች።

«ማን ጋ ነው?»

«አባባ አሻግሬ ጋ! ገና ሩቅ አልሄዱም። እውነቱን እነግራቸዋለሁ፤ ሁለቱም ይሸጥና እንካፈላለን፣ ያንተን አልበላም!»

«እውነቱን?» አለ ሮሪሳ ከኋላዋ። ጮክ አላለም። «እኔ በሽማግሌ ፊት ምስክር ነኝ ብዬ ፈርሜያለሁ። እውነቱን ስትነግሪያቸው ውሸታሙ ማን ሊሆን ነው? አባዬ በተቀበረበት ሰፈር፣ ስሜ በእድሩ መዝገብ ባለበት፣ ሮሪሳ በሐሰት መሰከረ ሊባል ነው። ስሜን ብቻ አትውሰጂብኝ።»

እሷ ግን በሩን ከፍታዋለች። አባባ አሻግሬ ከሃያ እርምጃ ላይ በከዘራቸው ድንጋይ እየመረጡ ሲሄዱ የበሩን ድምፅ ሰምተው ዞሩ።

«ምነው ልጄ? የረሳሁት ነገር አለ እንዴ?»

ዳሲቱ መቀርቀሪያውን ጨብጣ ቆመች። ከኋላዋ ሞተሩ ይሰማታል። አባባ አሻግሬ እጃቸውን ከጆሯቸው አስጠግተው ይጠብቃሉ።

«የለም አባባ» አለች። «በሰላም ይግቡ።»